አንድ እጅ በኪስ

ቅዳሜ ከሞጣ፣ ከአውቶብሱ ጣራ
ሣጥኑ ወረደ ከፍየሎች ጋራ፤
በጋቢ ጠቅልለው፣ በጠፍር አስረውት፣
ሬሳ መስሏት አንዲት ሴት ከንፈር መጠጠችለት።

ባለቤቱ ይስማው፤ ስም ግን አያድንም፤
ጆሮው ሥር ቢጮሁ፣ ቢያንኳኩ፣ አይሰማም።
በኪነቱ ዘመን ጊታር መቺ ነበረ፤
ዛሬ ብቅል ይሸጣል በቁና እየሰፈረ።

ጉዳዩን የነገረችኝ ልጁ እማዋይሽ ናት፣
ሠርግ ለሠርግ ዞራ፣ በአባቷ ጊታር የምታገኝ ራት፦
«ክሩን ሳልነካው ይጀምራል ማጉረምረም፤
ሙሽራው ገብቶ ይወጣል፣ እሱ ዝም አይልም።»

ቤቴ ከውትርን ማዶ ነው። አልጋዬን ገፋሁ፣
ጠረጴዛው ላይ ሣጥኑን በፊቱ ደፋሁ።
(ዋሸራ ሁለት ክረምት ቅኔ ቆጥሬ ያቋረጥሁ፣
ቀን የትምህርት ቤት ዘብ፣ ማታ ጠጋኝ የሆንሁ።)
ጀርባው ሲከፈት የአይጥ ሽንት ሸተተኝ፣
የተቃጠለ አቧራ አስነጠሰኝ።
ከአምስቱ ቫልቭ የአንዱ አናት እንደ ሽማግሌ ነጥቷል፤
አየር ገብቶበታል። አየር የገባበት አይሞቅም፣ አያበራም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ራዲዮ መጠገን ያስተማረኝ ሐምሳ አለቃ ቢተው
«ከሶኬት ነቅለኸው እንኳ» ይለኝ ነበር፣ «ኮንደንሰርን አትመነው፤
ቂመኛ ነው፤ ሦስት መቶ ቮልት ታቅፎ የሚያድር ባለደም፤
አንድ እጅህን ኪስህ ክተት። በሁለት እጁ የሚነካ አይከርምም።»
እናም ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ያገኘው ያረጀ የሎተሪ ትኬት፣
ሁለት ሽምብራ፣ አንድ ቁልፍ፤ የረሳሁት የየት እንደሆነ፣ የማን ቤት።
ቀኜ በሬዚስታንስ ጫፍ ቂሙን ቀስ አድርጎ አፈሰሰው፤
ቴስተሩ ዜሮ ሲል ነው ግራዬ የወጣው።

ከሆዱ ውስጥ ሰም የለበሰ ኮንደንሰር፣ ሰሙ ቀልጦ ወርዶ፣
ከጎኑ ሬዚስታንስ፣ ወገቡ ላይ የወርቅ ክር ተገምዶ።
ብቻዬን ሳቅሁ። መሪጌታ «ፈልግ» ብለው በአርጩሜ የገረፉኝ ለዚህ ነበር፤
ሰምና ወርቁን በአርባ ሦስት ዓመቴ አገኘሁት፣ ከቆርቆሮ ሥር።

ማጉረምረሙ ግን ከእሱ አልነበረም፤ ከትልቁ፣ ከማጣሪያው ነው፤
ሆዱ አብጦ፣ እምብርቱ ላይ ጨው መሳይ ካወጣው።
ቀየርሁት። ለነጣው ቫልቭም ከሞተ ራዲዮ የተረፈ ተካሁ።
መኻል ላይ መብራት ሄደ፤ ካውያው እጄ ላይ ቀዘቀዘ፣ ጠበቅሁ።
እማዋይሽ ስልኳን አበራችልኝ፤
ይስማው አንዳች ሳይል፣ አንገቱን አስግጎ አየኝ።

አራት ሰዓት ሲሆን መብራቱ መጣ። ባለ መቶ ሻማ አምፖል በመኻል አሰርሁ፤
ፈክቶ ከቀረ ሾርት አለ። ፈካ፣ ልቤን ያዝሁ፣
ደበዘዘ። ተነፈስሁ።

ቫልቮቹ እንደ ፍም ቀሉ። ሣጥኑ ዝም፤ ዝም።
እማዋይሽ ባቲ ቃኝታ ደረደረች፤ ንጹሕ ነው፣ ጭረት የለም።
ክሩ ሲያርፍ ይስማው ተነሣ፤
መዳፉን ሣጥኑ አናት ላይ አሳረፈ። ጠበቀ።
«አልበራም» አለ።
ልጁ ቀዩን መብራት በጣቷ አሳየችው።
አየው። መዳፉን ግን አላነሣም።
«አልበራም።»

ለካ አርባ ዓመት በመዳፉ ሲሰማ የኖረውን
ነቅዬ ኪሴ ከትቼዋለሁ።

ግራ እጄ ከሽምብራው ጋራ አሮጌውን ማጣሪያ ያገላብጣል፤
እማዋይሽ ታየኛለች። ነገ ደብረ ወርቅ ሠርግ አለባት፤
አውቶብሱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል።
ካውያው ገና ትኩስ ነው።