ባለ ሁለት ፊደል

«ባቡር የድሬ … ነው» የሚል፣ መሀሉ ባዶ ቦታ፣
ከኮሚቴው መጣልኝ፣ በታጠፈ ወረቀት፣ ሐሙስ ማታ።
«ቃሉን አንተ ሙላው፣ ጠንከር ያለ ይሁን፣
እሑድ ይሰቀላል፣ የጣቢያው በዓል ቀን።»

እኔ ሰሌዳ ጻፊ ነኝ፣ ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ቀለሜን የዘረጋሁ፣
ፀጉር ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ጎማ ጥገና ስጽፍ የኖርሁ።
በፊደል ነው ዋጋዬ፤ እቆጥራለሁ በጣቴ፣
ለነጥብ አልጠይቅም፣ እሷ ምርቃቴ።

እናም ረጅሙን አስቀደምሁ፤ «የጀርባ አጥንት»። ስምንት።
ደህና ገበያ ነው፣ ለቤት ኪራይ ሳንቲም፣ ለልጅ ደብተር ስንት!
ግን የፎዚያ ባል ትዝ አለኝ፣ ሥራው ከቆመ ወዲያ
በረንዳው ላይ ቀጥ ብሎ የሚውል፣ እንደ ቤት ማገሪያ።
ሐኪም ቤት ወስደው ራጅ አነሡት፤ ጀርባው ምንም የለበትም፣
አጥንቱ እንዳለ ነው፣
ሰውየው ግን የለም።

«እስትንፋስ»። ስድስት። ይሄም አይከፋ ነበር፤
የባቡሯ ትንፋሽ ግን ጢስ ነው፣ እናቴ ስትናገር
«ስትሄድ ሳለች፣ ስትመጣ ሳለች፣
አንሶላዬን ሦስቴ አሳጠበች» እያለች።

«ደም ሥር»። አራት። ይህን ልፈትን ወረድሁ ደቻቱ፤
አሸዋ ነው። ግመል ያልፋል፣ ልጅ ኳስ ይጠልዛል፣ በጠራራው በቀትሩ።
ሥሩ አለ፣ ደም የለው።
ደግሞ አንድ ሌሊት፣ ከተራራው ወርዶ፣ ደም ሥሩ ሲሞላ፣
ስንቱን ቤት ይዞ እንደሄደ እናውቃለን፤ አላወራም ሌላ።

«ነፍስ»። ሦስት። ይቺን ፈራኋት፣ ብሩሼም ደረቀ።
ነፍስ ይማር፣ ነፍሰ ጡር፣ ነፍስ አወቀ፣
ስንት ቦታ ትገባለች! ኢፍቱ ሉቡ ትላታለች፣ ዘበኛው ዋበሪ ናፍ፤
በየቋንቋችን ጠራናት፣
ዞር አላለችም፤ ቆማለች ከሐዲዱ ጫፍ።

ቅዳሜ ማለዳ ወደ አሮጌው ጋራዥ ቃል ፍለጋ ሄድሁ፤
ጋሽ አንበርብርን ከቆመችው ባቡር ሆድ ሥር አገኘሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ዘይት አጠጪ ነበር፤ ከጡረታው ወዲህም
በየቅዳሜው ይመጣል። ዋበሪ በሩን ይከፍታል፣ አይጠይቅም።
እጀታው በሽቦ የታሰረ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዞ
ከእግር ወደ እግር ይሄዳል፣ ጉልበቱን ደግፎ፣ ወገቡን ይዞ።

«ጋሼ፣ አትሄድም እኮ» አልሁት።
«አውቃለሁ።»
«ታዲያ?»
«ቆማለች ተብሎ ወዟን ልንሳት እንዴ?»
ቀና አላለም። ሁለት ጣቱን አፋተገ፣ ሊያሳየኝ አንዴ።
«ብረትና ብረት መሀል አንዲት ስስ ነገር አለች፤
አትመዘን፣ አትታይ፤ እሷ እስካለች
ይዞራል። ስትደርቅ ይባላል።
ሰውም…» አለና ወደሚቀጥለው እግር አለፈ።

ወዛደር ይሉት ነበር አሉ፣ በዚያ በሰልፍ ዘመን፤
መፈክሩን ዝናብ አጠበው፤ ወዙ ግን
መዳፉ ላይ ነበር፣ ከጥፍሩ ሥር፣ ጥቁር፣ የሚያበራ።
ወዝ። ሁለት ፊደል። ለኪሴ ኪሳራ።

ጻፍሁት። ማታ የኮሚቴው ሰው መጣ፣ መነጽሩን አወለቀ፦
«ወዝ? የፊት ቅባት ነው እንዴ የምናስተዋውቀው?» ብሎ ሣቀ።
«ቆይ፣ የፊተኛው ምን ነበር? ያ… ስምንቱ?»
ምን ልበል! ደመሰስሁት። ደህና ቀለም ነበር፣ በከንቱ።

እሑድ ተሰቀለ። ተጨበጨበ። ስምንት ፊደል ተከፈለኝ፤
የሁለቱን ለራሴ ያዝሁ፣
የስድስቱ ሒሳብ ግን አላስተኛኝ።
ሰኞ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት ገዛሁበት፣ ከነቆርቆሮው፤
ቅዳሜ በብብቴ ይዤ ደረስሁ፣ ገና ሳይሞቅ አየሩ።

ዋበሪ ጣሳውን አየ፣ እኔን አየ፣
በሩን ከፈተ።
አልጠየቀም።