ወደ

ጎተንበርግ ይዘንባል። ትራሙ ሐዲድ ያፋጫል፤
ከሆስፒታሉ ምድር ቤት ጣቴ ቁልፍ ላይ ይውላል።
ስዊድንኛ ላልዘለቀው የመንገድ መምሪያ እጽፋለሁ፤
ወረቀት እንዳይበዛ ብዬ ከቃል ምልክት እመርጣለሁ።

ሁለት፣ አንድ፣ ዘጠኝ፣ ሁለት፤ ይህ ነው የቀስቱ ቁጥር፣
ቀኝ ቀኙን ብቻ የሚያይ፣ ቀጭን፣ የማይናገር።
ጎረቤቶቹም አሉ፤ በዘጠና ግራ ይዞራል፣
በዘጠና አንድ ሽቅብ ያያል፣ በዘጠና ሦስት ያቀረቅራል።
ደም አይቶ የማያውቅ ቀስት፤ ደጋን የለው፣ ጅማት የለው፣
«በዚያ በኩል ነው» ብቻ እንጂ ሌላ ነገር የማይለው።

እንዲህ አድርጌ ደረደርኩት፦

መግቢያ → ሊፍት → አራተኛ ፎቅ → የልብ ክፍል

አየሁት፤ አማረኝ። ላክሁት።

ማተሚያው ግን የራሱ ፎንት አለው፤ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» የቆጠረ፣
አራት ነጥቡን፣ ድርብ ሰረዙን ከነቤቱ የተማረ።
ቀስት ግን ማንም አልሰጠው። የሌለውን ሲጠይቁት
አላፈረም፣ አልጮኸም፤ ባዶ ሣጥን አቆመበት።

መግቢያ □ ሊፍት □ አራተኛ ፎቅ □ የልብ ክፍል

ጋሽ ዘርጋው በያጅ ነበሩ። ወደቡ ላይ ስንቱን መርከብ
ሰፍተዋል በእሳት መርፌ፤ አሁን የዛለው የራሳቸው ልብ።
ወረቀቱ በፖስታ መጣላቸው።
እዚህ አገር ሣጥን ካዩ፣ ሣጥን የሚሞላ ነው፤
ከስደተኞች ቢሮ ጀምሮ ሃምሳ ቅጽ አስተምሯቸው፣
መነጽራቸውን በከረባታቸው ጫፍ ጠርገው፣
በእያንዳንዱ ባዶ ቤት የ«አዎ» ጭረት አኑረው፦
ሊፍት? አዎ።
አራተኛ ፎቅ? ይሁን፣ አዎ።
የልብ ክፍል? አዎ፤ እኔስ የመጣሁት ለእሱው።

ከግርጌ ፈረሙበት። ቀኑን ጻፉ።
እንግዳ ተቀባይዋ ሶልቬይግ አመስግና ተቀበለች፣
ከሌሎች ቅጾች ጋር አድርጋ መሳቢያ ውስጥ ከተተች።
ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጡ፤ ኮታቸው ላያቸው ላይ ደረቀ፤
ፎቅ ላይ ቀጠሯቸው ብቻውን ጠብቆ፣ ብቻውን አለቀ።

ሲጠሩኝ ከምድር ቤት ወጣሁ። ወረቀቱን አሳዩኝ።
«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ፤ ይህ ሣጥን ቀስት ነበር» አልኩኝ።
ቀና ብለው አዩኝ።
«ልጄ፣ ቀስት ሰገባ እንጂ ሣጥን ምን ይሠራለታል?»
ቀጥለውም፦ «‹ወደ› ብትይስ? ቃሉ ምን ይጎድለዋል?»

መልስ አልነበረኝም።
ወደ። ሁለት ፊደል ነው። ማንም ፎንት አይስተውም፣
ዝናብ ቢመታው ይነበባል፤ ሣጥን ሆኖ አይቀርም።
አንድ «ደ» ቢደገምበት ወደደ ነው የሚሆነው፤
ሃያ ዓመት ስጽፈው ኖሬ ዛሬ ገና አስተዋልኩት ሰው።

አዲስ ቀጠሮ ያዝንላቸው፤ ለሰኞ፣ ከረፋዱ አራት።
ሊወጡ ሲሉ ዞሩ፦ «መመለሻውስ? እሱን አልጻፍሽበት።»

አዎ፣ ለእርሱም ምልክት አለው፤ እንደ ከዘራ የቆለፈ፣
ራሱን ወደ ኋላ ያዞረ፣ ሠንጠረዡ ውስጥ የተሰለፈ።
ቁጥሩን ጭምር አውቀዋለሁ።
አላመንኩትም።
እስክሪብቶአቸውን ተውሼ ከወረቀቱ ጀርባ ሣልኩ፤
እጄ ለካ ቀስት አያውቅም፣ የዶሮ እግር አወጣሁ።
ሳቁ። «ይሄ እንኳ ይገባኛል።»
አራት አጠፉት፣ ከደረት ኪሳቸው ከተቱት፣
ከልባቸው በላይ፣ ከመድኃኒቱ ዝርዝር በስተግራ።

በመስኮት አየኋቸው። ፌርማታው ላይ ትልቅ ቢጫ ቀስት
ወደ መሀል ከተማ ያመለክታል፤ በቅጡ የበራ፣ የማይስት።
እሳቸው ቀና ብለውም አላዩት።
ብስክሌት የያዘች ልጅ አስቁመው
በተሰባበረው ስዊድንኛቸው ጠየቁ።
እጇን ዘረጋች።