ልብ በዱቤ

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ከወደቡ በላይ፣
ቤቱ እንደ ወፍ ጎጆ ገደል ላይ የሚታይ፣
ኤሌውቴሪዮ ነው፣ ክሬን ነጂ የነበር፣
የመርከብ ጭነት እንጂ የራሱን የማይሰፍር።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአሳንሰር ወጥቶ፣
ነጭ ዳቦ በቅቤ፣ ቋሊማ ከድንች በልቶ፣
ስልሳ አንድ ሲሞላው፣ ጫማ ሊያስር ጎንበስ ቢል፣
ወለሉ ላይ ቀረ፣ ትንፋሹ አልመለስ ሲል።

ሐኪሟ መድኃኒት ጽፋ፣ «ሌላም አለ፤ ደረጃው
ከደጅህ ነው፤ ውጣው» አለች፤ «እግርህ ብቻ ነው ዋጋው።»

በማግስቱ ወጣ። አሥራ አንዱን ቆጥሮ ቆመ።
የአሳንሰሩ ትኬት ቆራጭ ኔልዳ፣ «ምነው፣ ሰው ታመመ
ወይስ ማሽኑ ተበላሸ?» ብላ ሳቀች በመስኮት፤
እሱም ሳል እያነቀው፣ «ነገ» አላት፣ «አሥራ ሁለት።»

ዳቦውን ከግማሽ ቆረሰ፤ ባቄላና ዱባ ለመደ፤
እሑድ ግን፣ አልዋሽም፣ ኢምፓናዳው ከገበታ አልተሰደደ።
አንድ ክረምት ዝናብ ፈርቶ፣ ሦስት ሳምንት ጠፋ፤
ተመልሶ እያጉረመረመ፣ ከአሥራ አንድ እንደገና ለፋ።

ዛሬ መቶ ስልሳውን ጨርሶ፣ ከላይ ቆሞ ባሕር ያያል፤
ኔልዳ፣ «ልብ ገዛህ አሉ፤ በስንት?» ስትለው ይስቃል፦
«በዱቤ ነው፤ ዕዳው በየጠዋቱ በእግር ይከፈላል።»