አንድ ጠዋት፣ አንድ ማታ

ሄርማታ ነው ሥራዬ፣ ከመንገዱ ዳር፣
ስምንት ዓመት ሙሉ እንክብል ስቆጥር፣
በትንሽ ፖስታ ላይ እጄ እየጻፈ፦
«አንድ ጠዋት፣ አንድ ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ስንቱን አሳለፈ።

የሰኔው ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ
ከመስኮቴ የሚቆም ልጅ ነበር በየማታ፤
ሹራቡ የረጠበ፣ ጥፍሩ የጠቆረ፣
«ለአያቴ ነው» ይላል፣ «ወገቧ ታሰረ»።
አላመንኩትም። ከኋላዬ ግን ጌታው ጉሮሮውን ጠረገ፤
ወረቀት አልጠየቅኩ። እጄ የለመደውን አደረገ።

በቤታችን ደግሞ ዕቃው እግር አወጣ።
መጀመሪያ የነዚፍ ደብተርና መጽሐፉ፣
(ሁለተኛ ዓመት ምሕንድስና፣ ስሙ ያለበት በጫፉ)
ቀጥሎ ራዲዮኑ፣ ቀጥሎ የእናቴ ሙቀጫ፤
ነገሩ የጀመረው «ለጥናት» በተባለ በርጫ።
ቅጠሉ መጥቶ እንቅልፉን ነጠቀው፣
እንቅልፉን ሊያስመልስ ሌላ ነገር ፈለገ፤ ሌላው ነገር አወቀው።

እናቴ መረቀችው፦ «ከፍ በል፣ ልጄ፣ ከፍ በል!»
እሱም ከፍ አለላት፤ መርቅኖ፣ ዓይኑ በግድግዳው ሲንከባለል።
ምርቃትና ምርቃና ካንድ ግንድ ናቸው እንዴ?
እያልኩ ሳሰላስል፣ ሲላወስ ሆዴ፣

በመጨረሻ ወጣች የአባቴ በርጩማ፣
ካንድ ዋንዛ ተፈልፍላ፣ ሚስማር ሳትነካ ያረጀች በጅማ።
አባ ገሮ ከሞተ ማንም አልተቀመጠባት፤
ጧት ስወጣ እሷን ነበር የምሰናበታት።

አዌቱን ተሻግሬ፣ በጭቃው እየተጎተትኩ፣
አንድ መጋረጃ ገለጥኩ።
ገራባው ወለሉን አልብሶታል፣ ጭሱ ጣሪያውን ዝቅ አድርጎታል፣
የማላውቀው ጎረምሳ በርጩማችን ላይ ተቀምጧል።
የማውቀው ከሥሩ ነበረ፣
ራሱን ከእንጨቷ አስደግፎ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣
ነዚፍ፤ ለሦስት እግሯ አራተኛ ሆኖ የቀረ።

«በስንት ሸጠላችሁ?» «በሁለት ዙርባ።» አላፌዙም፣ አላፈሩ፤
አንዱ መምህር፣ አንዱ ሾፌር፣ ሌሎቹ ተማሪ ነበሩ።

ከፈልኩ። ላነሳት ጎንበስ ስል ከጉያው ወደቀ አንድ ነገር፦
ትንሽ ነጭ ፖስታ። ባዶ። ከላዩ ጽሑፍ ነበር።
የ«ጠ» ሦስት እግር፣ እንደ በርጩማዋ፣ አንዱ የረዘመ፤
እጄን አወቅኩት። ዝናቡ አላቆመም፤ ጆሮዬ ግን ቆመ።

«አንድ ጠዋት፣ አንድ ማታ፣ ከምግብ በኋላ።»
ምን ምግብ ኖረና ነው፣ ወንድሜ፣ በኋላ?

ያ ሹራበ እርጥብ ልጅ አያት የለውም ለካ።
ስቆጥር የኖርኩት የሰው ወንድም ነው፤ ቁጥሩ የኔን እስኪነካ።

ባንድ ክንዴ እሷን፣ በሌላው እሱን ደግፌ ወጣሁ፤
ማን ይከብድ ነበር ብትሉኝ፣ እንጨቷ ናት እላችኋለሁ።

በማግስቱ ማታ ልጁ መጣ፣ ሹራቡ እንደ ረጠበ፤
ጌታው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ብሩ በመስኮቱ ቀረበ።
እስክሪብቶዬን አነሳሁ።
ባዶ ፖስታ ላይ «ስምህ ማን ነው?» ብዬ ጽፌ ሰጠሁ።

አነበበው። ቆመ። ዝናቡ በትከሻው ይወርድበት፣
ስሙን ለማስታወስ ብዙ ጊዜ ወሰደበት።