ስንተኛው ኩርባ

ሃያ ሁለት ዓመት ቦቴ እየነዳሁ፣
ከጅቡቲ ወደብ የሰው ዘይት ቀዳሁ።
ጋላፊን አልፌ፣ ሚሌ ላይ አድሬ፣
ባቲን ስወጣጣ በላብ ተነክሬ፣
ኮምቦልቻ ስደርስ ሞተር አጠፋና
ዘይት እቀይራለሁ ጋራዥ እገባና።

የተቃጠለውን ማን ይጠይቀዋል?
አንዱ ለአጥር እንጨት ለምስጥ ይቀባዋል፣
ሌላው በጨለማ ቦርከና ይደፋዋል።

አንድ ቀን በሩ ላይ ቱታ የለበሰች
ቀጭን ልጅ ጠበቀች፤ ጀሪካን ይዛለች።
«ጦይባ እባላለሁ። የምትደፋውን
እኔ እገዛሃለሁ፣ ጥቁር ዝቃጩን።»
ሳቅሁኝ፦ «ምን ሊሆንሽ?»
«ናፍጣ» አለች፤ በቃ።
ምሳ ምን በላህ ሲሉት «ሽሮ» እንደሚል ሰው፣
ፊቷ ምንም የለው።

መጋዘኗ ቆርቆሮ፤ ማብሰያዋ ቦይለር፣
ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በኪሎ የተሸጠ የነበር።
ሙህዬ በያጁ መነጽሩን ሰቅሎ
ቱቦ ይቀጥላል፣ የሲጋራ ሱሱን ከበሩ ላይ ጥሎ።

ምስጢሩ አፈር ነው፤
ከገርባ በታች ወርዳ ራሷ የቆፈረችው፣
በወንፊት ነፍታ በእሳት የቆላችው።
«‹አፈር ብላ› ሲሉን እርግማን ይመስላል፤
የኔ አፈር ግን አየህ፣
ጥቁሩን ይበላል፣ ቢጫውን ይተፋል።»

ከአዲስ አበባ ሰዎች መጡ፤ ጫማቸው ዘይት ፈራ።
«ስንት ፐርሰንት ደርሷል?» አሉ ተራ በተራ።
ባንኩም «መያዣ?» አለ፤ ቦይለሩን አሳየች።
«ይኸማ ብረት ነው።»
«የናንተስ ወረቀት» ብላ ተመለሰች።

ማታ ደወለችልኝ፦
«ጋሼ፣ በዚህ ናፍጣ ሐረጎን ውጣልኝ።»
ዝም አልኩ። ሞተር የሹፌር ጉበት ነው።
ቦቴዬን አልሰጥም፤
የአማቼን አይሱዙ ለመንኩኝ፣
የግራ መስታወት የሌለው።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሳል ያዘው።
አንድ ጊዜ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ቀጥ አለ።
ጉሙ ወረደብን፤
ከኋላ የቆመ አውቶቡስ ጡሩንባውን ለቀቀው።
ሙህዬ ጎማ ሥር ድንጋይ ሲወትፍ
እሷ ፊልትሮውን ፈታ፣
በጣቷ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው፣
ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ
«ብርድ ላይ ይረጋል» ብላ ጻፈች።
ታለቅሳለች ብዬ ፊቴን ሳዞር
«አብሽር» አለችኝ። እኔን!

ለሁለተኛ ጊዜ ሰባተኛው ላይ ቆምን።
ክረምት ገባ። አፈሩ ረጠበ፣ ሁለት ሠራተኛ ለቀቀ፣
የሙህዬ ሚስት ቀለበቷን ሸጠች፤
ለማን እንደሆነ እኔ አልተናገርኩም።
መስከረም ላይ አሥራ አንደኛው።

ፐርሰንት የሚጠይቁት ሰዎች ድምፃቸው ጠፍቷል።
እኔ ከወደቡ ወረፋ ላይ ሆኜ ስደውልላት
ዋጋ አልጠይቃትም፣ ጤናም አልጠይቃት፦
«ስንተኛው ኩርባ?» እላታለሁ፣
እሷም ቁጥር ብቻ ትነግረኛለች።

ትናንት ማታ ግን ቁጥሩን አልተናገረችም።
«የደሴ መብራት ታየን» አለች፣
ነፋስ ስልኩን እየቀማት።
«አንድ ኩርባ ቀረን። ፊልትሮ ይዘህ ና።»

ይኸው ሚሌን አልፌያለሁ።
ከኋላዬ አርባ ሺህ ሊትር የሰው አገር ናፍጣ፤
ከጎኔ፣ ረዳቱ ወንበር ላይ፣
በፌስታል የተጠቀለለ
አንድ ፊልትሮ።