ምላጭ በነሱ ቋንቋ

ናማንጋን፣ ከገበያው ጀርባ፣ የአባቴ ፀጉር ቤት፣
ሁለት ወንበር አለው፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት።
ማታ ማታ ደንበኛ ሲሳሳ፣ መጥረጊያዬን አቁሜ፣
እንግሊዝኛ እናገራለሁ ከገዛ ፊቴ ፊት ቆሜ።
ስንጥቁ አፌን ለሁለት ይከፍለዋል፤
ላይኛው ከንፈር ይደፍራል፣ ታችኛው ይፈራል።

«ምላስሽን» ብላኛለች አስተማሪዬ ዲልፉዛ፣
«በጥርስሽ መሃል አሾልኪው፣ ብቅ ይበል እንደ ዋዛ፤
ከዚያ ንፊ።» እነፋለሁ። መስታወቱ በምራቅ ይዥጎረጎራል፣
የሚላጨው ሽማግሌ ሳሙና እንደተቀባ ይስቃል።
«ልጅህ እባብ ሆነች፣ ኤርጋሽ!» ይለዋል አባቴን፤
አባቴ አይስቅም። በግራ እጁ ይዞ ስልኬን
ይቆጥራል። ሁለት ደቂቃ ነው ሕጉ፤
ዝም ያለ ይወድቃል አሉ፣ ልሳን ነው የሚፈልጉ።

ከዲልፉዛ የገለበጥኩት ደብተር አለኝ፣ ለሁሉም መልስ ያለው፤
እዚያ ውስጥ አጎት አለኝ፣ አውሮፕላን የሚያበረው።
እዚያ ውስጥ ዋና እወዳለሁ፣ ማዕበል ነው ያሳደገኝ፤
ከጥጡ ማሳ ቦይ የሰፋ ውኃ ግን መች ገጠመኝ።

አንድ ማታ ስለ ካፒቴኑ አጎቴ አወራሁ፣
አንዴም ሳልደናቀፍ ሁለቱን ደቂቃ ሞላሁ።
ከእንግሊዝኛ አባቴ ዘንድ አንዲት ቃል የለም፤
«ያምራል» አለ፣ «ያምራል። ይሄ ግን ያንቺ አይደለም።»

«እንዴት አወቅህ?»
«ሰላሳ ዓመት አንገት ስይዝ ኖሬያለሁ፤
ወንበሬ ላይ የሚዋሽ ሰው ማጅራቱ ሲደርቅ አውቃለሁ።
አሁን ያንቺም ደርቋል» አለና፣ ምላጩን በቆዳው ስሎ፣
ወደ ደንበኛው ዞረ፣ ምንም ያልተናገረ መስሎ።

ያን ሌሊት ደብተሩን አልቀደድኩም፤ ጀግና አይደለሁም፤
ትራሴ ስር ከተትኩት። ግን ደግሞ አላነበብኩም።

ፈተናው ታሽከንት ነበር። በጋራ ታክሲ ተራራውን አልፈን፣
በሹፌሩ ዘፈን መሃል አራታችንም አንቀላፍተን።
ክፍሉ ጠባብ። አንዲት ሴት፣ ያልተበጠረ ሽበት፤
ጠረጴዛው ላይ መቅረጫ፣ ቀይ ነጥብ የሚበራበት።
ካርዱ፦ «አንድ ነገር ያስተማረሽን ሰው ግለጪ፤
ደቂቃ አለሽ፣ አስቢ፣ ከዚያ ሐሳብሽን አውጪ።»

አጎቴ በነጭ ሸሚዙ መጣ፣ ክንፉን ዘርግቶ፣ ዝግጁ፤
ማጅራቴ ድርቅ አለ። ትዝ አለኝ አባቴ፣ እጁ።

ጀመርኩ፦ ቱርሱንቦይ፣ ዓይነ ስውር፣ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፤
አባቴ በነጻ ይላጨዋል፣ እየላጨ መንገዱን ይነግረዋል፦
«ሮማን ሻጯ ዛሬ ቀይ ሻርፕ አድርጋለች፤
ብስክሌት ወደቀ፤ ልጅቱ ግን ትስቃለች።»
ሰዋስዉ ተሰባበረ፣ ትናንትና ነገ ተጋጩ፤
ከዚያ ቃል ጠፋኝ። ምላጭ። ምላጩ! ምላጩ!
«ትንሽ ብረት» አልኩ፣ «ፊት ላይ። ፀጉር የሚበላ።»
ጉንጬን በጣቴ ላጨሁት፣ ከላይ ወደ ታች፣ በመላ።
ሴትዮዋ አየችኝ። ምስክሩ ግን መቅረጫው፤
ዓይን የለውም፤ ዝምታ ነው ለእሱ የእጄ መላጫው።

ቃሉ ደረጃ ስወርድ መጣልኝ። ሦስተኛው እርከን ላይ፣
ጮክ ብዬ አልኩት፣ ብቻዬን፣ ለግድግዳው፣ ለሰማይ።

ማታ ስገባ አባቴ ስለ ውጤት ምንም አላለኝ፤
መጥረጊያዬን አቀበለኝ። ቆይቶ ቆይቶ ጠየቀኝ፦
«ምላጭ በነሱ ቋንቋ ምን ይሉታል?»
«ሬዘር» አልኩት።
ይህችን ለማለት ከስንጥቁ ፊት ሲቆም አየሁት፣
ምላሱን ያለ ቦታው አውጥቶ፣ በጥርሶቹ መሃል ነክሶ፣
እንደ እባብ እየነፋ፣ መስታወቱን በምራቅ አርሶ።

አላረምኩትም። ስልኬን አወጣሁ፤
ሁለት ደቂቃ ሰጠሁት።