ከሰማንያ አራት እስከ ሰማንያ ስድስት

ከብር ወንዝ ማዶ፣ ከዳጉሳው ማሳ፣
ማሽኑ ቆሞ አደረ ናፍጣ እያገሳ።
ጥርሱ አልማዝ ነው አሉን፤ ግን አያብለጨልጭም፣
ውሃ ካላጠጡት ድንጋዩን አይፈጭም።

እኔ የሳጥን ልጅ ነኝ። ሥራዬም ይኸው፦
ቱቦው ሲገለበጥ የምድርን አጥንት አጥቤ መደርደር
ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደ መጽሐፍ መስመር፤
በየሦስት ሜትሩ ቁራጭ እንጨት መሸጎጥ፣
ቁጥር ጽፎ፣ ሌላውን ለመጠበቅ ባልዲ ላይ መቀመጥ።

አንድ ቀን ሥር መጣ፣ ነጭ፣ እንደ ሞራ፣
መሐሉ ላይ ቢጫ ዐይን የሚያበራ።
ቆፋሪው፣ ሾፌሩ፣ ዘበኛው ተሰበሰቡ።
ጂኦሎጂስቷ ሶስና በምላሷ ላሰችው፣
በሌንሷ ዐየችው፣
“ፒራይት ነው፤ ወርቅ አይደለም” ብላ መለሰችው።
ዘበኛው ብቻ እስከ ዛሬ አላመናትም።

አቶ እንዳላማው፣ ባለ ማሳው፣ ማታ በሬ ፈትቶ ይመጣል፤
ከቢጫው ገመድ ወዲያ ዱላውን ተደግፎ ይቆማል።
ልጅ ሳለ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤
ከጉባኤ ቃና ሳያልፍ ወባ መለሰው።
“ዛሬስ ምን ተናገረ?” ይለኛል።
ምስጢር ነው፤ ፈርሜያለሁ።
“ገና መቶ አልደረስንም” እለዋለሁ።

ሰማንያ አራት ላይ፣ ሌሊት፣ ማሽኑ ዘለለ።
ውሃው ወደ ታች ሄደ፤ ተመልሶ አልመጣም።
ቱቦውን ብንስበው፣ ብንቀጠቅጠው፣
ጭቃ እንኳ አልተፋም።
ኦፕሬተሩ ይርጋ በእናቱ ስም ማለ፤
ሶስና ግን ዝም ብላ እንጨት ቆረጠች፣
“ከ84 እስከ 86፦ የለም” ብላ ጻፈች፣
ባዶውንም እንደ ድንጋይ በተራው አስቀመጠች።

ሁለት መቶ አሥር ላይ አበቃ ተባለ።
ሳጥኑ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ፤
ጉድጓዱ በሲሚንቶ፤ አንገቱ ላይ ቧንቧ፣ ቧንቧው ላይ ቁጥር።
ስንጭን ያ እንጨት ወደቀ።
ላነሳው ስል እንዳላማው ቀደመኝ፦
“መሬቴን አንብባችሁ ሄዳችሁ፤ ምን እንደሚል ሳትነግሩኝ።
ይኼን ግን አላነበባችሁም።
የለም ያላችሁት፣ እታች አለ ማለት ነው።
እሱን ለኔ ተዉልኝ።”

ዘንድሮ በዚያ ሳልፍ አየሁት።
በሬው ጎራው ቧንቧው ጋ ሲደርስ ሳይነገረው ይዞራል፤
ትልሙም እዚያ ጋ እንደ ማጭድ ይጎብጣል።
እንጨቷን ማረሻው ሲላላበት ሽብልቅ አድርጎ መትቷታል።
ቁጥሩን ላብና ዝናብ አጥቦታል፤
“የለም” የሚለው ግን፣
አፈር ገባ ወጣ እያለ፣
ገና ይነበባል።